ጓሮና ውርጭ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር በላስታ ደጋ

ሙጃ ላይ ጓሮ የሚፈተነው በክረምት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ቢያስቸግርም፣ በረዶ አልፎ አልፎ ቅጠል ቢቀድም፣ ጎመን የተከለ ጎመን አያጣም፤ ዝናቡ የባለጓሮውን ስንፍና ሳይቀር ይሸፍንለታል። ፈተናው የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ፣ አደይ አበባው ከረገፈ በኋላ ነው። የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች በጋ ብለው የሚመድቧቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት አራት ወራት ለብዙው አገር የአጨዳና የፀሐይ ጊዜ ናቸው፤ የጊዳን ወረዳ መቀመጫ ለሆነችው ለሙጃና በላስታ ደጋ ላይ ላሉት መንደሮች ግን የውርጭም ጊዜ ናቸው። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቅ ተራራማ አገር በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወርና በወር መካከል ካለው ይበልጣል። አውሮፓዊ አትክልተኛ የሚያውቀው ብርድ አንዴ ገብቶ ወራት የሚቆይ ነው፤ ተክሉም ያን ጊዜ ተኝቶ ያሳልፈዋል። እዚህ ብርዱ ማታ ይገባል፣ ረፋድ ላይ ይወጣል። ጎመኑ ቀን ቀን ያድጋል፣ ይጠማል፣ ለጋ ቅጠል ያወጣል፤ ሌሊት በዚያው ለጋ ቅጠል ላይ ውርጭ ያርፍበታል። ከሩቅ አገር የተቀዳ የጓሮ ምክር እዚህ ሲደርስ የሚሳነው በዚህ ምክንያት ነው።

በእነዚህ ወራት ጓሮን ባዶ ትቶ በልግን መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ብርዱን ማን ይችለዋል ይባላል። እኔ የምከራከረው በተቃራኒው ነው። አብዛኛው ጓሮ የሚሞተው ሌሊቱ ስለበረደ ብቻ ሳይሆን አፈሩ ቀን ያገኘውን ሙቀት ይዞ ማደር ስላልቻለ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ጓሮን ከውርጭ የሚያድነው ሥራ ሌሊት የሚሠራ ሳይሆን ቀን፣ ያውም በአፈሩ ላይ፣ የሚሠራ ይሆናል፤ ዋናው ክፍሉም ውርጩ ከመምጣቱ በፊት፣ መሬቱ ገና የክረምቱን እርጥበት ሳይጨርስ መጀመር አለበት።

ጉዳዩ የቅንጦት እንዳይመስል አስቀድሞ የምግቡን ነገር ማየት ይጠቅማል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። ከገና በኋላ ያለው ፍስክ አጭር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ነነዌ፣ ከዚያም ዐቢይ ጾም ይከተላል። ስለዚህ ምድጃው ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት አብዝቶ የሚጠይቀው ጓሮው በውርጭ በሚመታበት ወቅት ነው። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ ለገና የሚሰበሰበው ሕዝብም ጾሙን ይዞ የሚመጣ ሕዝብ ነው፤ በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ አንድ እስር ጎመን ምን ያህል እንደሚፈለግ ለላስታ ሰው መንገር አያሻም። በዚህ ላይ የሰሜን ወሎ ደጋ፣ ጊዳንን ጨምሮ፣ ብዙ ቤተሰብ በበልግ ገብስ የሚተማመንበት አገር ነው። በልጉ ሲዘገይ ወይም ሲቀር የሚፈጠረውን ክፍተት የጓሮ ቅጠል ብቻውን አይሞላውም፤ ቢሆንም ሽሮው ላይ የሚጨመር ነገር መኖሩና አለመኖሩ ለልጆች ጤና ልዩነት አለው።

ውርጭ ምን እንደሚሠራ ከቅርብ እንመልከት። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬትም ቅጠልም ቀን የያዙትን ሙቀት ወደ ሰማይ መልቀቅ ይጀምራሉ። ደመና ካለ ከሚወጣው ሙቀት ብዙውን ይመልሰዋል፤ ነፋስ ካለ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች ያማስለዋል። ሰማዩ ጥርት፣ አየሩ ዝም ያለ እንደሆነ ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይሄዳል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀዘቅዘውም ቀጭኑ ቅጠል ነው። የአየር ሁኔታ ጣቢያ የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ያለውን አየር ስለሆነ፣ መሣሪያው 3 ዲግሪ ባነበበበት ሌሊት መሬት ላይ ያለው ቅጠል ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። በሬዲዮ የተነገረውን ቁጥር ሰምቶ «ዜሮ አልገባም» ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት ድንቹ ጠቁሮ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባም። ይህም አመዳይ ሳይታይ ሊሆን ይችላል፤ አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን ነጩ አመዳይ ሳይፈጠር ቅጠሉ ብቻ ይመታና ነገሩ በሽታ ይመስላል።

ቅጠሉ ውስጥ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። በረዶው በአብዛኛው የሚጀምረው ከሕዋሳቱ ውጭ፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። የተፈጠረው በረዶ ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ እየሳበ ያድጋል፤ ሕዋሱ ይደርቃል፣ ይጨማደዳል፣ ሽፋኑ ይጎዳል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው። ተክሉ የሞተው በብርድ ነው ብንልም አሟሟቱ የጥም ነው። የሐበሻ ጎመን ይህን የሚቋቋመው ቀዝቃዛ ሌሊቶችን ደጋግሞ ሲያይ በሕዋሱ ውስጥ ስኳር ስለሚያከማች ነው፤ ስኳሩ ውኃውን ይይዝበታል፣ ቅጠሉንም ያጣፍጠዋል። ነጭ ሽንኩርትም ካሮትም የየራሳቸው መከላከያ አላቸው። ድንች ግን ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲደርስ ቅጠሉን ያጣል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ያንንም አይጠብቁም።

አሁን ወደ አፈሩ። አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት አንድ ኪሎ ደረቅ አፈር ለማሞቅ ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። እርጥብ አፈር ቀን ብዙ ሙቀት ይጠጣል፤ ሙቀቱም ወደ ታች ይዘልቃል። ሌሊት እንጀራው ከወጣለት በኋላ ቶሎ እንደማይቀዘቅዝ ምጣድ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ደረቅና የተኮተኮተ አፈር ግን በውስጡ አየር ስለሚበዛ ሙቀቱ ከላይኛው ጣት ከማይሞላ ንጣፍ አያልፍም፤ ያችም ከምሽት በኋላ ብዙ አትቆይም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ውርጭ መከላከል ያሳተመው መመሪያ የሚመክረውም ይህንኑ ነው፦ አፈሩ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ እርጥብ፣ ጠቅጠቅ ያለ፣ ከአረም የጸዳ ይሁን፤ በውርጭ ሰሞን አይቆፈር። በእኛ ዘንድ ትጉህ ባለጓሮ የሚባለው መደቡን በየሳምንቱ የሚኮተኩት ነው። ክረምት ላይ ልክ ነው። ኅዳር ላይ ግን መኮትኮቻውን ሰቅሎ አረሙን በእጁ የሚነቅለው የተሻለ ጠባቂ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የግብርና ባለሙያን ሳይቀር ሊያከራክር ይችላል። በደረቅ ወራት መደብን ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ገለባና ሣር በትኑበት፣ እርጥበቱን ይጠብቃል የሚለው ምክር በየስልጠናው የሚሰጥ ነው፤ ስለ ውኃ ከሆነ ትክክል ነው። ስለ ውርጭ ከሆነ ግን ገለባው ቀን ፀሐይን ከአፈሩ ይከለክላል፣ ሌሊት ደግሞ የአፈሩን ሙቀት ከቅጠሉ ይከለክላል። ከገለባው በላይ የቆመው ቅጠል ባዶ እርጥብ መሬት ላይ ከቆመው የበለጠ ይበርደዋል። ሁለቱ ጥቅሞች ይጋጫሉና መምረጥ ግድ ነው። እኔ የምለየው በሚበላው ክፍል ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር የምንፈልገው ነገራቸው ከመሬት በታች ስለሆነ ጉዝጓዙ ይጠቅማቸዋል። ሰላጣ፣ ቆስጣና በመደብ ያለ ችግኝ መሬታቸው ይገለጥ፤ ገለባው ካለም ማታ ከላያቸው ይሁን እንጂ ቀን ከሥራቸው አይሁን። ጎመን መካከል ላይ ነው። ውኃ በቀላሉ የሚገኝለት ሰው ገልጦ ያጠጣው፤ ውኃ ያጠረው ሰው ያልብሰውና ከቅጠሉ ጥቂት ጠርዝ ጠርዙ ቢቃጠል ይቻለው።

የማጠጫው ሰዓትም ይለወጣል። በሞቃት ወር ውኃ ማታ ቢጠጣ ይመረጣል፣ ትነቱ ያንሳልና። በውርጭ ወር ማታ የፈሰሰ ውኃ ከአፈሩ ሙቀት ወስዶ በመትነን መደቡን ጭራሽ ያቀዘቅዘዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ከተጠጣ ግን ፀሐይዋ እርጥቡን አፈር ለማሞቅ ግማሽ ቀን ይተርፋታል። ጎህ ሲቀድ አመዳይ ባለበት ቅጠል ላይ አንድ ጣሳ ውኃ መርጨትም ከሚያድነው ይልቅ የሚያበላሸው ይበዛል። በዓለም ላይ ውኃ በመርጨት ፍራፍሬያቸውን ከውርጭ የሚያድኑ ገበሬዎች አሉ፤ እነሱ ግን በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጡ ይረጫሉ። ሲቋረጥ ጉዳቱ ካለመጀመር ይብሳል።

ውኃን ለሙቀት ማከማቻነት ማዋል አዲስ ዘዴ አይደለም። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ባለው በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3800 ሜትር ላይ፣ የጥንት ገበሬዎች ከፍ ያሉ መደቦችን በቦይ እየከበቡ ድንች ያበቅሉ ነበር። ቦዩ ቀን ሞቆ ሌሊት ለመደቡ ሙቀት ይሰጠዋል። ዘዴው ተረስቶ ቆይቶ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎችና የአካባቢው ገበሬዎች እንደገና ሠርተው ሞክረውታል። እነዚያው ሕዝቦች ውርጩን ለምግብ ማቆያም አውለውታል፦ ድንቹን ሌሊት ለውርጭ አስጥተው፣ ቀን በእግር ረግጠው ውኃውን እያስወጡ ያደርቁትና ለዓመታት ያስቀምጡታል። ላስታ ላይ ቦይ ይቆፈር ማለቴ አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን ውኃ የለም። በውኃ የተሞላ ጥቁር ጀሪካን በችግኝ መደብ ዳር ማሰለፍ ግን በትንሹ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፣ ውኃውም አይባክንም።

ቦታም እንደ አፈሩ ይቆጠራል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳልና ሌሊት ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል፤ ጎድጓዳ ስፍራ ሲያገኝ ይተኛል። ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ከሥሩ ካለው ሜዳ የሚሻለው ለዚህ ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የሚታየው ጅባራ ግንዱን አስረዝሞ ቅጠሉን ከመሬት በላይ መስቀሉ፣ መሬት ለመሬት ከሚተኛው ከቀዝቃዛው አየር ያርቀዋል። ሰው ጎመኑን መስቀል ባይችልም አጥሩን ማስተካከል ይችላል። በላስታ ድንጋይ አይጠፋም፤ ካብ በየቤቱ አለ። ካቡ ከጓሮው በላይ በኩል ከሆነ የሚወርደውን ብርድ ወደ ጎን ያዞረዋል። ከታች በኩል ጥቅጥቅ ብሎ ከተካበ ግን ብርዱን ገድቦ ጓሮው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከታችኛው ጥግ ላይ በግ የማያስገባ ግን አየር የሚያስወጣ ክፍተት ተትቶ በሳሳ እሾህ ቢዘጋ ለተክሉ የሚሰጠው ጥቅም ከብዙ ገለባ ይበልጣል። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ እዚህ አገር ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና ከቤቱ በስተደቡብ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር ያለው መሬት ቀን ከፀሐይዋም ከግድግዳውም ይሞቃል፤ ድንጋዩ ሌሊት የያዘውን ይመልሳል። ችግኝ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ብዙ ቤት ያንን ቦታ የማገዶ መከመሪያ አድርጎታል።

ስለ ጭስ የሚነሳ ክርክር አለ። ኅዳር ሲታጠን፣ ማለትም ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዓላማውም ጓሮ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጭሱ ውርጭ ያባርራል የሚል እምነት በብዙ አገር ይገኛል፤ በአሜሪካ ካሊፎርኒያም የብርቱካን አትክልተኞች ለዓመታት ጭስ የሚበዛበት ማንደጃ በየዛፉ ሥር ያነዱ ነበር። በኋላ የተረጋገጠው የጠቀመው እሳቱ እንጂ ጭሱ እንዳልሆነ ነው፤ የጭስ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እንደ ደመና አይመልስም። ለአንድ ጓሮ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ማንደድ ደግሞ ማገዶ ባጠረበት ደጋ የማይታሰብ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላው ጎኑ ነው፦ ለማልበሻ የሚሆነው ቅጠላ ቅጠልና አሮጌ ጆንያ ውርጩ በሚበረታበት ዋዜማ ከጥራጊው ጋር አብሮ መንደዱ።

ጆንያ ቀላል ነገር አይደለም። የሚነጠፈው ከምሽቱ በፊት፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ መሬቱ ገና ሞቅ እንዳለ ነው፤ በጨለማ ከተነጠፈ የሚይዘው ሙቀት አልፏል። በአራት ችካል ከፍ ብሎ ቅጠሉን ሳይነካ፣ ጠርዙ ግን መሬት ደርሶ በድንጋይ ይያዝ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ይነሳል። ስስ ላስቲክ ከጆንያ የሚሻል ይመስላል፤ ነገር ግን ተራው ላስቲክ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት በአብዛኛው ያሳልፈዋል፣ ቅጠሉን የነካበት ቦታ ላይም ይጎዳዋል። ሁለቱም ካሉ ላስቲኩ ከላይ፣ ጆንያው ከታች ቢሆን ያምራል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ውኃውን ማን ይቀዳል?» የሚል ሰው ከባዱን ጥያቄ ጠይቋል። በደጋው በበጋ ምንጭ ይሳሳል፤ ጀሪካን የሚሸከሙት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ጓሮ እርጥብ ይሁን ማለት እነሱ ተጨማሪ መንገድ ይሂዱ ማለት ከሆነ ምክሩ ቢቀር ይሻላል። ስሌቱን እንሥራው። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በእነዚህ ወራት በቀን ሦስት ሊትር ውኃ ይበቃዋል እንበል፤ አሥር ካሬ ሜትር ሠላሳ ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ተኩል ይፈልጋል። ከእጅ መታጠቢያ፣ ከምስርና ከጎመን እጣቢ፣ ከልብስ የመጨረሻ ማለቅለቂያ የሚሰበሰበው የዚህን ጥሩ ድርሻ ይሸፍናል፤ ሳሙና የበዛበት የመጀመሪያው እጣቢ ለጌሾው ሥር ይሁን እንጂ ለቅጠል አይሁን። ከዚህ የምረዳው የበጋ ጓሮ ትንሽ መሆን እንዳለበት ነው። በክረምት ሰፊ የተዘራውን ሁሉ ለማዳን መሞከር ውኃውንም ጉልበቱንም ይበትነዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ ሁለት በአምስት ሜትር የሚሆን፣ ግድግዳ የተጠጋ መሬት ተመርጦ፣ የክረምቱ እርጥበት ሳይወጣ ታርሞና ጠቅጠቅ ተደርጎ ቢዘጋጅና ቀሪው ለከብት ግጦሽ ቢተው ኪሳራ የለውም። ፍጉም ለዚያችው መሬት ብቻ ይሆናል። ኩበት ማገዶ በሆነበት ቤት ለጓሮ ሁሉ ይዳረስ ማለት ከንቱ ምክር ነው። ፍጉ ግን በመስከረም ይግባ፤ ከጥቅምት በኋላ የሚጨመር ዩሪያም ሆነ ትኩስ ፍግ ተክሉን ለስላሳ ቡቃያ ያስወጣዋል፣ ውርጭም አስቀድሞ የሚመታው ያንን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከቆቦ ይመጣል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ላሊበላ 2500 ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ሺህ ሜትር ልዩነት ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የቆቦ ሜዳ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚያመርትበት ወር ደገኛው ከውርጭ ጋር ለምን ይታገላል? ለቲማቲም ከሆነ አይታገል። ኅዳር ላይ ሙጃ ውስጥ ቲማቲምና ቃሪያ ለማሳደግ መልፋት ድካም ብቻ ነው፤ ከቆላው መግዛት ይረክሳል። ነገር ግን ቆላው የማይችለውን ነገር ደጋው ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ክፍል አውጥቶ እንዲያፈራ ብርድ ይፈልጋል። ካሮት ዘር የሚሰጠው ብርድ ሲያይ ነው። በጋሞ ጨንቻ ስሙ የሚነሳው የአፕል ፍሬም ከብርዱ የተነሳ ነው። ጎመኑም ከውርጭ በኋላ እንደሚጣፍጥ አይተናል። የሙጃ ጓሮ ከቆቦ ጋር የሚወዳደርበት ሳይሆን የሚለዋወጥበት መንገድ ይኸው ነው፦ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ይወርዳል፣ ቲማቲም ይወጣል።

ድንች ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ እንደገባ የሚነገርለት ይህ ተክል በደጋው ከገብስ ቀጥሎ የሚታመን ሆኗል፤ ከሆለታ ምርምር የወጡት እንደ ጉዳኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች በክረምቱ እርጥበት ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀውን በሽታ ለመቋቋም ተመርጠዋል። ውርጭን ግን አይችሉም። ስለዚህ በኅዳር ድንች መትከል ቁማር ነው። የተተከለ ድንች ከመሬት ለመውጣት ሦስት አራት ሳምንት ይወስድበታልና ከጥር አጋማሽ በኋላ የተተከለው ብቅ የሚለው በየካቲት፣ የበልጉ ደመና የሌሊቱን ሰማይ መሸፈን ሲጀምር ነው። ደመናው ከዘገየና ቡቃያው ቀድሞ ከወጣ፣ ሰማዩ በጠራበት ምሽት ከጎንና ጎን አፈር ስቦ ቡቃያውን እስከ ጫፉ ማልበስ ነው። ሁለት ሦስት ቀን አፈር ውስጥ ቢቆይ አይጎዳም። ሳይለብስ ተመትቶ ጫፉ ቢጠቁርም ሳይነቀል ይቆይ፤ ከአፈር በታች ካለው አንጓ እንደገና ያቆጠቁጣል።